«ለእሷ፤ እሷ ታውቃለች»

በየሸለቆው አንድ ዘፈን ይዞት የቀረ ሰው አይጠፋም። እናንተም ጋ አለ። የለም የምትሉ ከሆነ ወይ ደህና አድርጋችሁ አልፈለጋችሁም፣ ወይ ሰውዬው እናንተው ናችሁ። ይሄ ሰው በሌላ በሌላው እንከን አይወጣለትም። አጥሩን በጊዜ ያጥራል፣ ሰላምታ አይነፍግም፣ ለቅሶ ቤት ወንበር ይሸከማል። ያቺ ዘፈን ስትመጣ ግን በቃ። ማንኪያው በሳህኑና በአፉ መሀል ተንጠልጥሎ ይቀራል። ዓይኑን መስኮት ላይ ይተክላል። ስታልቅ ጉሮሮውን ይጠራርግና «ጥሩ አርጎ ነው የዘፈናት» ይላል፤ ልክ ዛሬ ገና እንደሰማት ሁሉ።

የእኛ ሸለቆ ይህንን ሹመት የሰጠው ለክቡር አቶ ኢኖስ ትሪቬት ነበር። በነገሩ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሁሉ አልፈዋል፤ የሚያፍር ሰው ቢኖር የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ልጽፈው እችላለሁ።

ኢኖስ ረዥም፣ ቀጭን፣ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ ጉሮሮው የሚቆልፍ ሰው ነበር። ሚስት የለችውም፤ ኮሌታው ግን ሚስት ካላቸው ወንዶች ሁሉ ይበልጥ የተተኮሰ ነው። ዕድሜውን የጨረሰው እንጨት መሰንጠቂያው ውስጥ ነው። መጋዙ ገና በጎረምሳነቱ የግራ ጆሮውን ወሰደበት። ጆሮው በቦታው አለ፤ ሥራ አቆመ ማለቴ ነው። በግራው በኩል ቆሞ ላናገረው ሰው ሁሉ አንገቱን እየነቀነቀ «እሺ» ይላል። በዚህ ምክንያት ያልተመዘገበበት ማኅበር፣ ሳይፈልግ ያልተቀበለው የውሻ ቡችላ አልነበረም።

ዘፈኗ «ከበርሽ መለስ» ትባላለች። ዘፋኙ ቨርጅል ስታምፐር ከእኛው ኮረብታ የወጣ ሰው ነው፤ ከጊታርና ከአንዲት የምታላዝን ቫዮሊን በቀር ምንም አጃቢ የላትም። የወጣችው እኛ ለአቅመ ሔዋን በደረስንበት ሰሞን ነው። ነገሯ አጭር ናት። አንድ ጎረምሳ የሚወዳትን ልጅ ሊያናግር ይመጣል። መስኮቷ ላይ መብራት አለ። አጥሩ በር ጋ ሲደርስ እግሩ ይከዳዋል። ነገ ይሁን ይላል። ይመለሳል። በማግስቱ የሌላ ሰው መኪና በሯ ላይ ቆሞ ያገኛል።

ከበርሽ መለስ ብዬ ቆሜ ሳመነታ፣
አንቺም ሰው አገባሽ፣ እኔም ሆንኩ ትዝታ።

በቃ፣ ይቺው ናት። ልጆቻችን ያላግጡባታል። «እማዬ፣ ሰውዬው ለምን በሩን አንኳኩቶ አይገላገልም?» ይሉኛል። ልጅ ሆኖ ያልጠየቀ የለም። እኔ ግን ስንቱ ዘፈን ከኋላዋ መጥቶ ከፊቷ ሲሞት አይቻለሁና እንዲህ ይመስለኛል፦ ባቡር የተገለበጠበት ዘፈን አለ፣ ሰው ገድሎ የታሰረበት ዘፈን አለ፣ ሚስቱ ከወንድሙ ጋር የጠፋችበት ዘፈን አለ። ይሄ ሁሉ የደረሰበት ሰው ጥቂት ነው። በር ላይ ደርሶ ሳይገባ ያልተመለሰ ግን ማን አለ? ለዚህ ነው የማታረጀው።

ኢኖስ ይቺን ዘፈን የሚያዝዛት በየቅዳሜው ጠዋት ነው። ከብረታ ብረት መደብሩ ፎቅ ላይ ትንሽ የራዲዮ ጣቢያ ነበረችን። ዴውይ የሚባል ወፍራም፣ ደግ ልጅ ነበር የሚያወራባት። ቅዳሜ መጀመሪያ የሞተውን ይናገራል፣ ከዚያ ሆስፒታል የገባውን፣ ከዚያ የሚሸጥና የሚለወጠውን፣ መጨረሻ ላይ ዘፈን። ሬሳ፣ በሽተኛ፣ ፍየል፣ ዘፈን፤ ቅደም ተከተሉ ተዛብቶ አያውቅም። ዘፈን የሚያዝዝ ሰው ደግሞ ከማን ለማን እንደሆነ በሙሉ ስም መናገር አለበት። ሕጉ ነው። ለእገሊት ለልደቷ፣ ለእገሌ ለተሰበረው እግሩ።

ኢኖስ ሲደውል ሸለቆው ሁሉ በራዲዮ የሚሰማው እንዲህ ነበር።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ!»

«ጋሼ ኢኖስ፣ አይጩኹ፣ ይሰማኛል።»

«ምን?»

«ምን እናሰማልዎት?»

«ያችኑ!»

«ለማን?»

«ለእሷ!»

«እኮ ለእሷ ለማን?»

«እሷ ታውቃለች» ይላል፤ ዝግት ያደርገዋል።

አንዴ ዴውይ ጀግና ሆነና «ስም ካልጠሩ አላጫውትም» ብሎ ዘለላት። ጉድ ፈላ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የጣቢያው ስልክ ጋለ። የደወሉት ሁሉ ሴቶች ናቸው። «አንተ ልብ የለህም እንዴ?» አለችው አንዷ። «ያን ምስኪን ሰውዬ ምን አድርግ ነው የምትለው?» አለች ሌላዋ። ዴውይ የጀመረውን ዘፈን አቋርጦ አጫወታት፤ ዳግመኛም ስም አልጠየቀም።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ሁሉም ሴት «ለእሷ» ያለው ራሷን ይመስላታል።

በግልጽ የሚናገር የለም። ጁዌል ፀጉር ቤት ስንቀመጥ ግን ይወጣል። ጁዌል ራሷ የሰው ጭንቅላት በሳሙና ይዛ «እኔ እንግዲህ ምን ላድርገው» ትላለች ተንፍሳ። «አንዴ ልጅ እያለሁ ጎማዬን ቀይሮልኛል።»

«ጎማ መቀየር ፍቅር ነው እንዴ?» ስንላት፣

«አቀያየሩን ብታይው!» ትላለች።

የፖስታ ቤቱ ኃላፊ ሚስት ደግሞ ዘፈኗ ውስጥ ቡናማ ዓይን የሚል አለ፣ የእኔም ዓይን ቡናማ ነው ብላ ድርቅ አለች። «የላሞቼም ዓይን ቡናማ ነው» አለቻት ጁዌል፤ ከዚያ ወዲህ ፀጉሯን ሌላ ከተማ መሠራት ጀመረች። ባሏ፣ የፖስታ ቤቱ ኃላፊ ራንሰም፣ ሰላማዊ ሰው ነው፤ ግን አንድ ቅዳሜ የራዲዮኑን ገመድ በጉጠት ቆርጦ ጣለው። ጤነኛ ሰው የራዲዮ ገመድ በጉጠት ይቆርጣል?

አንድ ክረምት ደግሞ ኢኖስ ጉንፋን ጣለውና ቅዳሜ ሳይደውል ቀረ። ዴውይ ጠበቀ፣ ሸለቆው ጠበቀ፣ ሌላ ዘፈን መጣ። ከሰዓት በኋላ ወደ ኢኖስ ቤት የሚወስደው የጭቃ መንገድ ላይ ሴት ከሴት ጋር ተፋጠጠች። እያንዳንዷ ድስት ይዛለች። የያዝነውን በፎጣ ሸፍነን «ያው ጎረቤት አይደል ብዬ ነው» ተባባልን። እኔም ነበርኩ፤ የሊጥ ድብልብል የገባበት የዶሮ ሾርባ ሠርቼ ይዣለሁ። ኢኖስ በሩን ከፍቶ ያን ሁሉ ሾርባ ሲያይ ባርኔጣውን ፈልጎ አጣው፤ አልጋ ልብስ ለብሶ እጅ ነሳን።

እኔ ግን ከሌሎቹ የተሻለ ማስረጃ ነበረኝ። ቢያንስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

በእኛ ጊዜ የሣጥን ራት የሚባል ነበር። ትምህርት ቤቱ ምድጃ ወይ መጽሐፍ ሲያስፈልገው ልጃገረዶቹ ራት ሠርተን በሣጥን እናሽጋለን፤ ሣጥኑን በወረቀትና በሪባን እናስጌጣለን። የማን እንደሆነ አይነገርም። ወንዶቹ በጨረታ ይገዙታል፤ ያሸነፈው ሰው ከሣጥኑ ባለቤት ጋር ቁጭ ብሎ ይበላል። ያለ እናት ቁጣ ከወንድ ጋር አንድ ማዕድ የምንቀርብበት ቀን ይሄ ብቻ ነው። እርግጥ አይነገርም ይባላል እንጂ የምትፈልጊው ልጅ ካለ ጆሮው ሥር ጠጋ ብለሽ ቀለሙን ትነግሪዋለሽ።

እኔም ትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ጠጋ ብዬ «አረንጓዴ ሪባን» አልኩት። ኢኖስ አንገቱን ነቀነቀ።

ጨረታው ሲጀመር አረንጓዴው ሪባን ወጣ። ኢኖስ ጣሪያውን እያየ ዝም አለ። ሆመር የሚባል፣ ከበስተኋላ የቆመ፣ ትምባሆ ሲያሳድግ የሚውል ዝምተኛ ልጅ ገዛው። ከዚያ ቀይ ሪባን ወጣ፤ ኢኖስ ከቦታው ተነስቶ እየጮኸ ተጫረተ። ቀዩ የቬርሊ ሣጥን ነበር። ቬርሊ ቆንጆ ናት፣ አልክድም፤ አንገቷ ረዥም ነው፣ ድምጿ ወፍራም ነው፣ ስትስቅ ሰው ሁሉ ምን እንዳሳቃት ይጠይቃል። አንድ ጥግ ሄደው በሉ። እኔ ከሆመር ጋር በላሁ። «ዳቦው ጥሩ ነው» አለኝ። ሌላ ነገር አላለኝም። በጸደይ ተጋባን።

ቬርሊ ግን ኢኖስን አላገባችም። በዚያው ዓመት የላይኛው ቤተ ክርስቲያን ሰው የሆነውን ኤልበርትን አገባች። እነሱ ቤት ሙዚቃ መሣሪያ ክልክል ነው፣ ፀጉር መቆረጥ ክልክል ነው፣ ራዲዮም ክልክል ነው። ኢኖስም ማንንም ሳያገባ ቀረ። እኔ በልቤ ይሄን ነገር እየፈታሁ እየቋጠርኩ ኖርኩ። ቬርሊን ፈልጓት ቢሆን ኖሮ እሷም እዚያው፣ እሱም እዚያው፣ ማን ከለከለው? ቀለሙን ተሳስቶ ነው እንጂ! እንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ «እሷ ታውቃለች» ሲል፣ እኔ አይደለሁ የማውቀው?

ሆመር ጥሩ ባል ነበር። አንድም ቀን ክፉ አልተናገረኝም። ብቻ ቅዳሜ ጠዋት የኢኖስ ድምፅ ሲመጣ ቡናውን አስቀምጦ ይነሳና «ላሞቹን ልያቸው» ይላል። ላሞቹን ቀድሞ አይቷቸዋል። ዘፈኗ አልቃ ሌላ እስክትጀምር ድረስ በረት አጥር ላይ ተደግፎ አየዋለሁ፤ ከዚያ ገብቶ «ደህና ናቸው» ይላል። በኖረበት ዘመን ሁሉ «ኦፓል፣ ምን ሆነሽ ነው የምትፈዢው?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ከሞተ በኋላ ነው ነገሩ የከበደኝ። ቢጠይቀኝ ኖሮ እኔም ሰምቼው እስቅበት ነበር ይሆናል።

እንዲህ ሆነን አርጅተን ሳለ ወሬ መጣ። ጣቢያዋ ተሸጠች፤ የገዟት ሰዎች ቀኑን ሙሉ የኳስ ወሬ ሊያወሩባት ነው። ዴውይ የመጨረሻዋን ቅዳሜ ቀን ቆረጠላት። በዚያው ሳምንት ደግሞ የኢኖስ የእህቱ ልጅ ልቡ ደክሟል ብላ ወደ ኦሃዮ ልትወስደው መጣች። ከዚህ ኮረብታ ኦሃዮ የሄደ ሰው የሚመለሰው በሣጥን ሆኖ ነው፤ ይሄን ሁላችንም እናውቃለን። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። ስሟን ይናገር ይሆን? ጁዌል ለዚያች ቅዳሜ አዲስ ቀሚስ ሰፋች፤ በራዲዮ ሊያያት ይመስል።

እኔ ቀሚስ አላሰፋሁም። ግን ማወቅ ፈለግኩ። በዚህ ዕድሜዬ ምን እንደሚያደርግልኝ አትጠይቁኝ፤ ብቻ ሳላውቅ ከሄደ ቀሪ ዘመኔን እንዴት እንደምገፋው አላውቅም ነበር።

ኢኖስ ዓርብ ዕለት ሊሰናበተኝ መጣ። ውርጭ ሊጥል የተቃረበበት ሰሞን ነው፤ ጓሮዬ ውስጥ ቲማቲሙ ከነአረንጓዴው ከነቀዩ ቀርቷል። «እስቲ ቲማቲም ስጪኝ፤ የኦሃዮ ቲማቲም ካርቶን ካርቶን ይላል አሉ» አለኝ።

ጉልበቴን ስለሚያመኝ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ጮህኩለት። «ግባና ልቀም! የበሰለ የበሰለውን! አረንጓዴውን ተውልኝ፣ በኮምጣጤ ልዘፈዝፈው ነው!»

አንገቱን ነቀነቀ። ገባ። ባርኔጣውን ገልብጦ መልቀም ጀመረ። አያለሁ፤ አረንጓዴ ለቀመ። ሌላ አረንጓዴ። እንደ ደም የቀላውን በእጁ ገፋ አድርጎ ከሥሩ ያለውን አረንጓዴ በጠሰ።

የአጎቴ ልጅ እንደዚህ ነበር፤ ቀይና አረንጓዴ አይለይም፤ ባቡር ሊቀጠር ሄዶ በዚሁ ነው የመለሱት። ለካ ኢኖስም! ለካ የዚያን ቀን ሁለቱ ሪባን አንድ ሆነውበት ነው! ያ የሚያመኝ ጉልበት የት እንደገባ አላውቅም፤ ደረጃውን እንደ ኮረዳ ወረድኩት። አንድ ጥሬ ቲማቲም አፍንጫው ሥር ያዝኩለት።

«ኢኖስ፣ ይሄ ቀለሙ ምንድነው?»

ቲማቲሙን አየ፣ እኔን አየ። «አረንጓዴ።»

«ይሄኛውስ?»

«ቀይ። ምነው ኦፓል፣ ዓይንሽ ደከመ እንዴ? ሐኪም አሳይተሻል?»

«ታዲያ የበሰለውን ልቀም እያልኩህ ለምን ጥሬ ትለቅማለህ!»

«አረንጓዴውን ልቀም ያልሽኝ መስሎኝ። ለነገሩ የበሰለው ኦሃዮ ሳይደርስ ይፈርጣል። ይሄን በበቆሎ ዱቄት ለውሼ እጠብሰዋለሁ።»

የቲማቲሙን መደገፊያ እንጨት ያዝኩ። ከዚህ በኋላ ማፈር ትርጉም የለውም ብዬ በቀኙ በኩል ዞርኩ።

«የሣጥን ራቱ ቀን አረንጓዴ ሪባን ብዬህ ነበር።»

«መቼ?»

«ደረጃው ላይ። ከመግባታችን በፊት። አንተም ነቀነቅክ።»

«በየትኛው ጆሮዬ ነው ያልሽኝ?»

አሰብኩት። ደረጃውን፣ መቀነቴን፣ የቆምኩበትን። «በግራው» አልኩ።

«በይ እንግዲህ» አለ፤ ያዘነልኝ መሰለኝ።

«ብትሰማኝስ ኖሮ?»

እንዲህ ያለ ሰዓት ላይ ሰው ትንሽ ቢዋሽላችሁ ደስ ይላችኋል። ኢኖስ መዋሸት የማይችል ሰው ነው። ባርኔጣውን ከነቲማቲሙ ደረቱ ላይ አቅፎ ቆመ። «ኦፓል፣» አለኝ፣ «ቀዩን ሣጥን ገና ይዛው ከበሩ ስትገባ ጀምሬ ነበር የማየው።»

ዓይኔን ወደ ቲማቲሙ መለስኩ። ንቦች እንኳን አልነበሩም፤ ጊዜያቸው አልፏል።

«ታዲያ ለምን አላገባሃትም?»

«ልጠይቃት ሄጄ ነበር። አጥሩ ጋ ስደርስ አባቷ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጠመንጃ ይወለውላል። እኔን ብሎ አይደለም፤ እንዲሁ ይወለውል ነበር። ነገ ይሁን አልኩ።» ሳቅ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «ነገ ኤልበርት መጣ።»

«እሺ፣ ‘እሷ ታውቃለች’ የምትለው ቬርሊን ነው።»

«አዎ። ግን አታውቅም።»

«እንዴት አታውቅም?»

«በምን ትወቅ? እዚያ ቤት ራዲዮ የለ። በዚህ ሸለቆ እኮ እኔን የማትሰማኝ ሴት እሷ ብቻ ናት።»

«ታዲያ ለምን ታውቃለች ትላለህ፣ አንተ ሰውዬ!»

«ብትሰማኝ በምን አፌ እለዋለሁ?» አለኝ፤ እንደ ቀላል ነገር።

ተናደድኩ። «እኛስ? ያ ሁሉ ሾርባ?»

«ሾርባው ጥሩ ነበር» አለ። «ምን ላድርግ ነው የምትይኝ? ራዲዮ ላይ ወጥቼ ‘አንቺ አይደለሽም፣ አንቺም አይደለሽም’ ልበል? ጁዌልን በምን ዓይኔ አያታለሁ? ፀጉሬን የምትቆርጠኝ እሷ ናት።»

ተሳሳምን፤ ጥሬ ቲማቲሙን ይዞ ሄደ። ፒካፑ ከመታጠፊያው እስኪሰወር ቆሜ አየሁት። ከዚያ ወደ ጓሮ ተመልሼ ቀይ ቀዩን ለቀምኩ፤ እየለቀምኩ አለቀስኩ፤ ለኢኖስ አይደለም። ያን ሁሉ ዘመን የሌላ ሴት ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ የራሴን ባል በረት አጥር ላይ አስደግፌ ኖርኩ።

ነገሩን ይዤው መሞት እችል ነበር። እውነቱን ለመናገር ቬርሊ ላይ ቅናቱም አልወጣልኝም ነበር። ግን አንድ ሐሳብ መጣና አላስቀምጥ አለኝ። እኛ ሁላችን፣ እኔ፣ ጁዌል፣ ያቺ ቡናማ ዓይን፣ በሰው ዘፈን ስንሞቅ ኖረናል። ባለቤቷ አንዴ እንኳን አልሰማቻትም። ኤልበርት ባለፈው ክረምት ተቀብሯል። ቅዳሜ ደግሞ ነገ ናት።

በጠዋት የባትሪ ራዲዮኔን ዘንቢል ውስጥ ከትቼ ወንዙን ተሻገርኩ። ቬርሊ በረንዳዋ ላይ ፎሶልያ በመርፌ እየሰካች ለክረምት የሚደርቀውን ክር ታስረዝማለች። ፀጉሯ ነጭ ሆኖ ወገቧ ድረስ ይወርዳል። አንገቷ አሁንም ረዥም ነው።

«ምን ይዘሽ ነው?»

«ራዲዮ።»

«ወደዚህ ቤት?»

«ቤት አልገባም። በረንዳ ላይ ነው።»

መርፌዋን ይዛ አሰበችበት። «ኤልበርት የከለከለው ቤት ውስጥ ነው» አለች በመጨረሻ። «በረንዳ አላለም።»

ከፈትኩት። ዴውይ የመጨረሻዎቹን ሙታን ያነባል። ቬርሊ ወንበሯን ሳበች። «ማን አለ? የወፍጮ ቤቷ ኮራ? ኮራ ሞተች? ማንም እኮ አልነገረኝም!»

«ዝም በይ፣ ቀብሯን እየነገረ ነው።»

«ታማ ነበር እንዴ?»

«ቬርሊ፣ በሽተኞቹ ቀጥሎ ነው የሚመጡት፣ ስሚ!»

ሰማች። በሽተኛውን ሁሉ አንድ በአንድ ተቀበለች፤ ለእያንዳንዱ ምላሷን እየመታች። ፍየሎቹ ጋ ስንደርስ «ያቺ የወለደች ናት ወይስ ያልወለደች?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ያህል ዘመን ምን ሲያመልጣት እንደኖረ ሳስብ ኤልበርትን በአፌ የማልደግመውን እርግማን በልቤ ረገምኩት።

ከዚያ ስልኩ ጮኸ።

«እኔ ነኝ!»

«ጋሼ ኢኖስ» አለ ዴውይ፤ ዛሬ አይጩኹ አላለውም። «የመጨረሻዋ ናት እንግዲህ። ያችኑ ነው?»

«ያችኑ።»

«ሸለቆው ሁሉ እየሰማ ነው፣ ጋሼ። እስቲ ዛሬ እንኳን፣ ለማን ልበል?»

ዝም አለ። ራዲዮ ላይ ዝምታ ሲረዝም እንዴት እንደሚያስፈራ ታውቃላችሁ። በየቤቱ፣ በየማድቤቱ ሴቱ ሁሉ ትንፋሹን እንደያዘ ተሰማኝ። ጁዌልን በአዲስ ቀሚሷ አሰብኳት።

«ለእሷ» አለ ኢኖስ፤ ዛሬ በቀስታ። «እሷ ታውቃለች።»

ቫዮሊኗ ጀመረች። ቬርሊ ራዲዮኑን ትክ ብላ አየችው። የኢኖስን ድምፅ አውቃዋለች።

«የትኛዋን ሴት ነው?» አለችኝ።

በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ ይሄ ከባዱ ነው። «አንድ ጊዜ ሣጥኗ ላይ ቀይ ሪባን ያሰረች ሴት ናት» አልኳት።

መርፌዋ ፎሶልያው ውስጥ እንደተሰካ ቆመ። መጀመሪያ አንገቷ ቀላ፣ ከዚያ ጆሮዋ፣ ከዚያ ፊቷ። አልጠየቀችኝም። ሰውዬው ዘፈኑ ውስጥ መስኮቱን አየ፣ አጥሩ ጋ ደረሰ፣ እግሩ ከዳው። ቬርሊ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደምትቀመጠው ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«ዘፈን ኃጢአት ነው» አለች፤ ያ ወፍራም ድምጿ ቀጥኗል። «አጥፊው።»

እጄን ወደ ቁልፉ ዘረጋሁ።

«አሁን አላልኩም» አለችኝ። «ስታልቅ።»